ከጀበናው በላይ የፈላው ኮምፒውተር

አሮጌ ዴስክቶፕ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ጻፋችሁ፤ ያውም በብዛት። ግማሹን ደብዳቤ ግን አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል፦ ይጮሃል፣ ይንቀራፈፋል፣ ይጠፋል፣ ለቆራሌው ልስጠው ወይስ ይድናል? ከጅማና ከአካባቢዋ ከመጡት ስድስቱን መርጫለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ሂርማታ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ ኮር አይ 5 2400 ነው። ጠዋት ጠዋት ምንም አይልም። ከሰዓት ደንበኛ ሲበዛ ግን ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ አንድ ገጽ ለመክፈት ዘመን ይፈጅበታል፣ ሲብስበት ድርግም ይላል። ፎርማት አስደረግኩት፣ ሦስት ቀን ደህና ሆኖ ተመለሰበት። አሁን ደግሞ "ማዘርቦርዱ አልቆለታል፣ አዲስ ግዢ" እየተባልኩ ነው። ልግዛ?
ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቷ

መልስ፦ አትግዢ እህቴ። ቢያንስ በዚህ ሳምንት አትግዢ። ፎርማት አቧራ አይጠርግም። ጠዋት ደህና ውሎ ከሰዓት የሚታመም ኮምፒውተር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው።

የፕሮሰሰርሽ፣ ኮር አይ 5 2400 ያልሽኝ ዋናው ቺፕ ማለት ነው፣ መደበኛ ፍጥነቱ 3.1 ጊጋኸርዝ ነው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እስከ 1.6 ድረስ ሊወርድ ይችላል፣ ግማሹ ማለት ነው። አንቺ "ቫይረስ ገባበት" ትያለሽ፣ እሱ ነፍሱን እያተረፈ ነው። ያም ካልበቃው ጥርቅም አድርጎ ይጠፋል። ይህ ሙቀት ምን ያህል እንደሆነ እንዲገባሽ ልንገርሽ። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ኬዙ ውስጥ ያለችው ጥፍር የምታህል ነገር ጎንሽ ከሚንተከተከው ጀበና ትበልጣለች።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየራችን ከባሕር ጠለሉ አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ የፈለገውን ያህል ቢሽከረከር የሚገፋው አየር ቀላል ነው፣ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም እንደዚያው ያንሳል። ደግነቱ ጅማ እንደ ሠመራ ወይም እንደ ጋምቤላ አትሞቅም፣ ስለዚህ ይካካሳል።

ዋናው ጠላት አቧራው ነው፣ የኛ አቧራ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። በጋ ላይ ቀዩ አፈር አለ፣ ከሱ ጋር የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ፣ አንቺ ቤት ደግሞ የቶነር ብናኝ ይጨመርበታል። ጭሱ ቅባት አለው፤ ቅባቱ አቧራውን ያጣብቀዋል። ባለፈው የአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ከፍቼ ፋኑን ሳነሳ ሂትሲንኩ ላይ (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ የሚስበው አሉሚኒየም) የአቧራ ብርድ ልብስ ነበር ያገኘሁት። አላጋነንኩም። ጫፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው እንደ ጨርቅ ሳይበጠስ ወጣ፣ የተቆላ ቡና ይሸታል፣ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ኮር ቴምፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኚና ሙቀቱን እዪ። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ከ35 እስከ 50፣ ሥራ ሲበዛበት ከ80 በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። 95ን ከነካ ምርመራው አለቀ። ከዚያ የኬዙን ጎን ከፍተሽ አሥር ደቂቃ አሠሪው። ሙቀቱ በጣም ከወረደ ችግሩ የኬዙ አየር መግቢያና መውጫ ነው፤ እምብዛም ካልወረደ ሂትሲንኩ ወይም ቴርማል ፔስቱ፣ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ፣ ነው። ብዙ ሰው ጎኑን ከፍቶ እንደዚያው ይተወዋል። ለምርመራ እንጂ ለኑሮ አይሆንም፣ አቧራ ትጋብዢበታለሽ፣ አንዳንዴም አይጥ።

ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋትን እኔም አደርገዋለሁ፣ ግን በጥንቃቄ። የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውሃ ያጠራቅማል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይብስበታል፤ ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ መሬት ላይ ይንፋው፣ ነጠብጣቡ እስኪያልቅ። ቱቦውን ከቦርዱ ሁለት ስንዝር ያርቀው። አንቺ ደግሞ ፋኑን በጣትሽ ያዢው፣ ምክንያቱም በዚያ ንፋስ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይበላሻል፣ ሞተሩም እንደ ዲናሞ ሆኖ ወደ ቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊልክ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን፣ የመብራቱ ገመድ የሚሰካበትን ሳጥን፣ ከውጭ ብቻ ይንፉት። ማንም "ልክፈተው" ቢልሽ እምቢ በይ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ፔስቱ ቀጥሎ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የኖረ ፔስት ደርቆ ኖራ ይሆናል። ኮምፒውተሩን አምስት ደቂቃ አሠርተሽ አሙቂው፣ አጥፍተሽ ንቀዪው፣ የሂትሲንኩን እግሮች አላቅቂና (አፈታታቸውን ከታች እነግርሻለሁ) እሱን ግራና ቀኝ ወዝወዝ እያደረግሽ አንሺው። አሮጌውን ከፋርማሲ በሚሸጥ አልኮልና በሶፍት ጥረጊው። ሳኒታይዘር እንዳትጠቀሚ፣ ግሊሰሪን አለበት፣ ላዩ ላይ ይቀራል። አዲሱን የአተር ፍሬ ያህል መሃሉ ላይ ጠብ አድርጊ፣ ሂትሲንኩ ራሱ ጨፍልቆ ያዳርሰዋል። ቅቤ አይደለም፣ ሲበዛ አይጣፍጥም። ፔስት ከጠፋ የጥርስ ሳሙና ይሆናል የሚሉሽም አሉ። ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይደርቅና ከበፊቱ የባሰ ኖራ ይሆንብሻል።

ሰው የሚሳሳተው አራቱ የፕላስቲክ እግሮች ላይ ነው። አናታቸው ላይ ቀስት አለ፤ በቀስቱ አቅጣጫ ሲዞሩ ይለቃሉ። ስትገጥሚ መጀመሪያ በተቃራኒው መልሻቸው፣ ከዚያ በሰያፍ፣ ማለትም አንዱን ከተጫንሽ በኋላ ማዶውን እያልሽ ተጫኚ፣ እያንዳንዱ ቀጭ ይላል። እኔ አንዴ ሦስቱ ቀጭ ብለው አራተኛው ሳይገባ ኬዙን ዘጋሁና፣ ኮምፒውተሩ ብሶበት ሲያድር እኔም ጥፋቱን ዊንዶውስ ላይ አላክኬ ሌሊቱን ስጭን አደርኩ። ሂትሲንኩን ነቅነቅ አድርጊው። ከተወዛወዘ አንዱ አልገባም።

ስትጨርሺ ኬዙን ከመሬት አንሺው። በርጩማ ላይ ልልሽ ነበር፣ ግን የጅማ በርጩማ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ይናወጣል፣ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ብሎኬት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ብሮ እንዴት ነህ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ነው የምማረው፣ ከግቢ ውጪ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከአንድ ሲኒየር ኮር 2 ዱዎ ኢ8400 ያለው ኮምፒውተር ገዛሁ፣ ማዘርቦርዱ ፒ45 ነው። ኦቨርክሎክ አድርጌ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ አስሮጬ፣ ጌም ልጫወትበት አስቤያለሁ፣ ጓደኞቼ ይቃጠላል ይሉኛል። ይቃጠላል?
የቂጦው ልጅ

መልስ፦ ከሁሉም የወደድኩት ያንተን ደብዳቤ ነው፣ ልጅነቴን አስታወስከኝ። ቦርድህ ፒ45 መሆኑ ዕድል ነው። ከቢሮ የሚወጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኮምፓክ ባዮሳቸው ውስጥ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የቦርዱ ገጽ) የዚህ ዓይነት ማስተካከያ የላቸውም፣ እነሱ ቢሆኑ "ተወው" ብዬህ እጨርስ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ያንተ ፕሮሰሰር ከቦርዱ የሚመጣለትን 333 ሜጋኸርዝ በ9 አባዝቶ 3.0 ጊጋኸርዝ ያገኛል። ዘጠኙ ወደ ላይ አይሄድም፣ ስለዚህ የምትነካው 333ቱን ነው። ወደ 400 ብታሳድገው 3.6 ይሆናል። እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር፣ ዲዲአር 2 800 የሚባለው ራም እውነተኛ ፍጥነቱ 400 ስለሆነ አንድ ለአንድ ስታደርገው ራሙ ከአቅሙ በላይ አይጠየቅም። ይህ ጨዋታ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሴሌሮን 300ኤ የሚባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር ከ66 ወደ 100 አሳድገው፣ በ300 ሜጋኸርዝ የተሸጠውን በ450 ያስሮጡት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የኤኤምዲ ዱሮንና አትሎን ላይ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦችን በእርሳስ እያገናኙ የማባዣ ቁጥሩን መቆለፊያ የሚከፍቱ ነበሩ። በእርሳስ! የተማሪ እርሳስ።

ጓደኞችህ ግን ያለ ምክንያት አልፈሩም። ፍጥነት ብቻውን ብዙ አያሞቅም፣ የሚያቃጥለው ቮልቴጁ ነው። ሙቀቱ የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር አንድ ለአንድ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው። ፍጥነቱን 20 በመቶ፣ ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትጨምር 1.2 ሲባዛ በ1.21፣ ማለትም 45 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ሙቀት ነው፣ ያንን ሁሉ ያቺው ፋን ናት የምታወጣው፣ በዚህ ስስ አየር። ስለዚህ ቮልቴጁን አትንካው። ብዙ ኢ8400ዎች በራሳቸው ቮልቴጅ ሩቅ ይሄዳሉ። ካልሄደልህ ባለበት አቁመው።

መጀመሪያ ለእህታችን ከላይ የነገርኳትን ጽዳትና ፔስት ጨርስ። ከዚያ ባዮስ ገብተህ የፒሲአይ ኤክስፕረሱን (ግራፊክስ ካርዱ የሚሰካበት መስመር) ፍጥነት 100 ላይ ቆልፈው፣ ራሙን አንድ ለአንድ አድርገው፣ አሥር አሥር ሜጋኸርዝ እየጨመርክ ውጣ። በየደረጃው ፕራይም 95 የሚባለውን ፕሮሰሰር አስጨንቆ የሚፈትን ፕሮግራም ግማሽ ሰዓት አስኪድ። ስህተት ካወጣ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ካየህ አሥሯን መልስ። ጭራሽ አልነሳ ካለህም አትደንግጥ፤ ነቅለህ የቦርዱን ባትሪ ለአምስት ደቂቃ አውጥተህ መልሰው፣ ሁሉን ይረሳል። ደረጃ ስትቀይርና ስትፈትሽ ግን ዩፒኤስ ይኑርህ፣ ወይም መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጥ፣ ካወቅከው።

አንድ የማልደብቅህ ነገር፣ 3.6 ብታደርሰውም ሁለት ኮር፣ ሁለት ሠራተኛ በለው፣ ያው ሁለት ኮር ነው። ብዙዎቹ ዘመነኛ ጌሞች አራት ይፈልጋሉ። ያገለገለ ኮር 2 ኳድ ኪው6600 ብታገኝና ቦርድህ ቢቀበለው፣ በ2.4 ጊጋኸርዙ እንኳ ጌም ላይ ሊበልጥህ ይችላል። ይሞቃል ግን፣ ከ65 ዋት ወደ 95 ወይም 105 ዋት ነው የምትዘለው፣ የድሮዋ ቀጭን ሂትሲንክ አትችለውም።

ጥያቄ፦ አጂፕ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። አንዱ ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑ ላይ መስመርና ነጠብጣብ ያበዛል፣ ቆይቶ ይጠቁራል። የማውቀው ልጅ "በኤሌክትሪክ ምጣድ ጣደው፣ ይድናል" አለኝ። ምጣዱ የባለቤቴ ነው፣ ፈርቻለሁ።
የጌም ቤቱ

መልስ፦ መፍራትህ ልክ ነው፤ ባለቤትህንም ምጣዱንም። ልጁ ከሜዳ አላመጣውም። ካርዱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከቺፑ ሥር ያሉት ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች ይሰነጠቃሉ፣ ስትጋግረው ለጊዜው ይነካካሉና የዳነ ይመስላል። ሳምንት፣ ቢበዛ ጥቂት ወር። በዚህ መሃል ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ካፓሲተሮቹ ይነፋሉ፣ አሮጌ ከሆነ ብየዳው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ላይ? አይሞከርም።

ከምጣዱ በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ። ኬብሉን ቀይር፣ በሌላ ሞኒተር እየው። ካርዱን ነቅለህ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ፈግፈግ አድርግና መልሰህ ሰካው፣ እርጥበትና አቧራ ያቆሽሻቸዋል፣ ራምም ላይ ያው ነው። የካርዱን ፋንና ፔስት እየው። ከዚያ ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ጭነህ የሜሞሪውን ፍጥነት 100፣ 200 ሜጋኸርዝ ቀንሰው። ነጠብጣቡ ከቀነሰ እንደዚያው እየቀነስክ ትንሽ ዕድሜ ትገዛለታለህ።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው የምጽፈው፣ መምህር ነኝ። ኮር 2 ዱዎ፣ ራሙ 2 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10። ጠዋት ከፍቼው እስኪረጋጋ ሁለተኛውን ስኒ ቡና እጨርሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም አለኝ። ምን ልግዛ?
መምህሩ

መልስ፦ ኤስኤስዲ፣ በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባው ፋይል ማስቀመጫ፣ መምህር። ሳያቅማሙ። ሃርድ ዲስክዎ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፣ ፈጣን ይመስላል፣ ግን አንዲት ትንሽ ፋይል ፈልጎ መርፌውን እስኪያደርስ ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ያላነሰ ይፈጅበታል፣ በሰከንድ መቶ ፋይል እንኳ አይሞላም ማለት ነው፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ ሺዎችን ነው የሚፈልገው። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው ያንን በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። 120 ጊጋው ይበቃዎታል። በጣም ረክሶ ካዩት ግን ይጠራጠሩ፣ ሻጩ ፊት ኤች 2 ቴስት ደብሊው በሚባል ፕሮግራም ይፈትሹት፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን የማይዝ አለና። ራሙንም ከሞተ ኮምፒውተር የወጣ ዲዲአር 2 ካገኙ 4 ጊጋ ያድርሱት።

የዊንዶውሱን ነገር ሳልነግርዎ ባልፍ ይቆጨኛል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ላይ ልውጣ ቢሉ፣ ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ ያሉት ኤስኤስኢ 4.2 የሚባለውን ትእዛዝ ይፈልጋሉ፣ ኮር 2 ደግሞ እሱ የለውም፣ በማታለልም አይነሳም። እኔ ብሆን በዊንዶውስ ፈንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንት እጭን ነበር፣ ራሙ 2 ጊጋ ላይ ከቀረ ደግሞ ቀለል የሚለውን ሉቡንቱ። አማርኛ አይባስ በሚባል የመጻፊያ ፕሮግራም በኩል ይጻፋል፣ እንደ ፓወር ግዕዝ እጅዎ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ቀን ያናድዳል። በወርድ የተዘጋጀ የፈተና ወረቀት የወርድ ምትክ በሆነው ሊብረ ኦፊስ ላይ ሲከፈት ሰንጠረዡ ሊዛነፍ ይችላል፣ ስለዚህ ለማተም ሲልኩ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩ።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተሬን ኬዝ በባዶ እግሬ ሆኜ ስነካው ይነዝረኛል። ባለቤቴ "ቅዠትሽ ነው" ይላል። ነው?
የተነዘረችው

መልስ፦ ቅዠት አይደለም፣ ለባለቤትሽ አንብቢለት። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ መግቢያው ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉ፣ ረብሻውን ወደ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ወደሚወርደው የደህንነት ሽቦ፣ ሲያወርዱ ትንሽ ኤሌክትሪክም አብሮ ይፈሳል። ኧርዝ ከሌለ መሄጃ ስለሚያጣ ኬዙ ላይ ይቀመጣል፣ የ220ው ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት። መጠኑ ኢምንት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፣ ሞኒተር ወይም ፕሪንተር ስትሰኪ ግን ወደቡን ሊያቃጥል ይችላል። ዲቫይደርሽን እዪው፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው ወይስ ሦስተኛው እግር ተቆርጧል? እሱ ደህና ከሆነ የቤቱ ሶኬት ራሱ ኧርዝ የለውም ማለት ነው፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሪና የኧርዝ ዘንግ ይትከልልሽ። በሽቦ ከውሃ ቧንቧ ጋር እንዳታገናኙት። መንዘሩ ቀርቶ የሚመታሽ ከሆነ ደግሞ ያ ሌላ ብልሽት ነው፣ አሁኑኑ ንቀዪው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረተኛ ነኝ፣ ጅሬን ነው የምኖረው። መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሬ ቀኑን ይረሳና ዓመተ ምሕረቱን ወደ 2009 ይመልሰዋል። ከዚያ ኢንተርኔቱ "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" እያለ አይከፍትልኝም።
አባ ጡረታ

መልስ፦ አባቴ፣ ኮምፒውተሩ የኛን አቆጣጠር መርጦ አይደለም፣ ባትሪው አልቆ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፣ የሰዓት መሸጫ ሱቅ ውስጥም ትገኛለች። መብራት ሲሄድ ቀኑን የምትይዘው እሷ ናት። ኢንተርኔቱ እምቢ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድረ ገጾች ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል የማረጋገጫ ወረቀት አላቸው፣ የርስዎ ኮምፒውተር 2009 ላይ ቆሞ ሲያየው "ይህ ገና ያልተጻፈ ነው" ብሎ ይጥለዋል።

ነቅለው፣ ኬዙን ከፍተው፣ ጎኗ ላይ ያለችውን መያዣ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉ ብድግ ትላለች። አዲሷን የፕላስ ምልክቷን ወደ ላይ አድርገው ይጫኑ። ሲያስነሱት አንዴ ኤፍ 1 ተጫን ይልዎታል፣ ቀኑን ያስተካክሉ። ልጅ ልጅዎ ሰፈር ካለ እሱ ይክፈተው፣ ጠባብ ቦታ ነው፣ መነጽርም ይፈልጋል። ከፍቶት ሳለም ፋኑን ይይልዎት።